ባለ ሦስት እግሯ ጅግራ

ሰሞኑን ሳሙና ልገዛ ሱቅ ገብቼ፣ ከሳሙናው ይልቅ ማሸጊያው ላይ ያለችው ሥዕል ደስ ብላኝ ቆሜ ቀረሁ። ባለሱቁ ታከተው። «አባቴ፣ ይገዛሉ ወይስ ይሳለማሉ?» አለኝ። ምን ላድርግ? ሥዕል ያለበት ዕቃ ሳይ እግሬ አይንቀሳቀስም። ክብሪቱ ሥዕል አለው። ሻማው ሥዕል አለው። ሻይ ቅጠሉም አለው። ሰው ሁሉ ዕቃውን አንስቶ ይሄዳል እንጂ ይህን ማን ሳለው፣ ለማን ሳለው፣ ማንስ ከማን ወሰደው ብሎ አይጠይቅም። እኔ ግን እጠይቃለሁ። መጠየቅም ይገባኛል። በአንዲት ወፍ የተነሳ ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄጄ፣ ችሎት ፊት ቆሜ፣ ምዬ የመሰከርኩ ሰው ነኝ። ወፏም የገዛ እጄ ሥራ ነበረች።

ጊዜ ካለህ ላጫውትህ። ባይኖርህም ላጫውትህ፤ ጨዋታው ደስ ይላል።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። እኔ ያኔ ጎልማሳ ነኝ፤ ቡሬ ከተማ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ መንገድ ዳር፣ አንዲት የስፌት መኪና ይዤ ተቀምጫለሁ። በቡሬ ከእኔ የተሻለ ልብስ ሰፊ አልነበረም። ይህን የምለው ብቸኛው ሰፊ ስለነበርኩ እንዳይመስልህ። ሌላም አንድ ነበረ። እሱም የራሱን ሱሪ እኔ ዘንድ ነበር የሚያሰፋው።

ቡሬ ደግሞ በርበሬ ነው። የበርበሬው ወራት ሲደርስ አገሩ ይቀላል። ደጁ ቀይ፣ ሜዳው ቀይ፣ ሰዉ ዓይኑ ቀይ። መኪና እየጫነ በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ ያወርዳል። ነጋዴው ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ገበሬውም ሾፌሩም ስማቸውን በአክብሮት የሚያነሳው እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ትውልዳቸው ኳሪት ነው፣ ገበዝ ማርያም። ቡሬ በትዳር መጡ፤ ባላቸው ሲሞት ዘመድ ሁሉ ወደ አገርሽ ተመለሽ ቢላቸው፣ እሳቸው በርበሬ ንግድ ጀመሩ።

አነጋገዳቸው የራሳቸው ነበር። ገበያ ተቀምጠው የመጣላቸውን አይገዙም። በቅሏቸው ላይ ሆነው ገበሬው ቤት ድረስ ይወርዳሉ። በርበሬው አፈር ላይ ተሰጥቶ ካገኙት ጫማቸውን ሳያወልቁ ይመለሳሉ። ሰሌን ላይ የተሰጣ ከሆነ ጎንበስ ብለው አንድ ዛላ ያነሳሉ፤ ጆሯቸው ሥር ያንኳኩታል። ውስጡ ያለው ፍሬ ካልተንኳኳ፣ «ገና ነው፣ ያልቅሳል» ብለው ይሄዳሉ። ገበሬው ይናደዳል። በሳምንቱ ግን አድርቆ ራሱ ይልክባቸዋል።

አንድ ቀን ሱቄ መጥተው ዱካው ላይ፣ ያቺ ትንሿ በርጩማዬ ላይ ተቀመጡ።

«አለሙ» አሉኝ፣ «ጆንያዬ እየጠፋብኝ ነው።»

«ተሰረቀ እትዬ?»

«ቢሰረቅ ሌባ እፈልግ ነበር። ተቀላቀለ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ መኪና የብዙ ነጋዴ ጆንያ ይጭናል። መርካቶ ሲደርስ ኩሊው ሁሉንም አንድ ቦታ ይከምረዋል። የእትዬ ጥሩወርቅ ደንበኛ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ደግ ሰው፣ ግን በበርበሬ ጉዳይ ወንድማቸውንም የማይምሩ። ሐጂ የሌላ ሰው በርበሬ ይደርሳቸውና ይቆጣሉ። የእትዬ ደግሞ ሌላ ደጅ ሄዶ ሌላው ይመሰገንበታል።

«ታዲያ ስምዎን እንጻፍበታ» አልኩ።

«ኩሊው መቼ ያነባል? ቢያነብማ ደብዳቤ እጽፍለት አልነበር?»

ሥዕል ይሁን ተባባልን። እኔ አንበሳ አልኩ። በዚያን ጊዜ የምኮራበት አንበሳ ነበረኝ፣ በጋቢ ጥለት ላይ የሞከርኩት። እትዬ ግን፣ «አንበሳ የንጉሥ ነው። በበርበሬ ምክንያት ወህኒ ልታስገባኝ ነው?» አሉ። ዋንጫ አልኩ፤ ጠጅ ቤት ይመስላል አሉ። ኋላ ራሳቸው፣ «ጅግራ አድርግልኝ» አሉ። «ጅግራ ብቻዋን አትሄድም፣ መንጋዋን አስከትላ ነው። ጆንያዬም እንደዚያ ተከታትሎ ይግባልኝ።»

በአቡጀዲ ቁራጭ ላይ በቀይ ክር ጅግራ መስፋት ጀመርኩ፤ ጥልፉ ኋላ ጆንያው ላይ ይለጠፋል። አካሏ አማረ። ጀርባዋ ላይ ነጥብ ነጥብ አደረግሁላት። ሁለት እግር ሰጠኋት። ልጨርስ ስል ግን እትዬ ነጠላቸውን አራገፉ። ወዳጄ፣ ቀኑን ሙሉ በርበሬ ውስጥ የዋለ ነጠላ ሲራገፍ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? አፍንጫዬ ነደደ። አስነጠሰኝ። እንዴት ያለ ማስነጠስ! እግሬ መርገጫው ላይ ነበርና መኪናዋ በረረች። መርፌው ከጅግራዋ ሆድ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወረደ። ዓይኔን ገልጬ ሳይ ጅግራዋ ሦስት እግር አውጥታለች።

ክሩን ልተረትር መቀስ ሳነሳ እትዬ እጄን ያዙኝ። አዩዋት። ራቅ አድርገው አዩዋት። ሳቃቸው መጣ።

«ተዋት! እንዲህ ያለች ጅግራ ማን አለው? አሁን ማንም አይስታትም።»

እኔም ሥራዬን አልጠላም፤ ተውኳት። ከዚያ በኋላ የሰፋኋቸው ሁሉ ሦስት ሦስት እግር ነበራቸው፣ ያለ ማስነጠስ።

ያቺ ጅግራ ምን እንደሠራች ልንገርህ። መርካቶ ያለው ኩሊ ከመኪናው ሲያወርድ፣ «ባለ ሦስት እግሯን ወደ ሐጂ!» እያለ ይጠራራ ጀመር። ሴቱ ሐጂ ኑሩ ደጅ መጥቶ የቡሬ በርበሬ አይልም፤ «ባለ ሦስት እግሯ ገብታለች?» ነው የሚለው። የጥሩወርቅን ስም የሚያውቅ የለም። መልካቸውን ያየ የለም። ጅግራዋን ግን የማያውቅ የለም። ሾፌሩ ይህን ሲያወራልኝ ደረቴ ተነፋ። ከዓባይ ማዶ በእግሬ ረግጬ የማላውቅ ሰው፣ የእግሬ ሥራ እዚያ ደረሰ ማለት አይደል?

አሁን አቶ በላይነህን ላስተዋውቅህ። የፍኖተ ሰላም ነጋዴ ነው። ረጅም፣ ባርኔጣ የማይለየው፣ ጨዋታ አዋቂ። እውነት ለመናገር እኔም እወደው ነበር፤ እሱን መጥላት አድካሚ ሥራ ነው። ችግሩ ችኩል ነው። ገበያ የመጣውን ሁሉ ይገዛል፣ የደረቀውንም ያልደረቀውንም ያደባልቃል፤ ክብደት እንዲያነሳ ውሃ እፍ ይልበታል። በርበሬው ከቤቱ ሲወጣ ያምራል። አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ጆንያው ውስጥ ሌላ ፍጥረት ሆኖ ይገኛል።

በአንዱ ዓመት፣ ንግዱ በደራበት ሰሞን፣ ሾፌሩ እትዬ ጥሩወርቅ ደጅ መኪናውን አቁሞ ጆንያ ማውረድ ጀመረ። መጫን ሲጠበቅበት ማውረድ! ሐጂ ኑሩ አልቀበልም ብለው የመለሱት ነው አለ። መልእክትም ልከዋል፤ «እህቴ፣ ምን በደልኩሽ? ደንበኞቼ ደጄ ላይ ሰደቡኝ። ከእንግዲህ ጅግራሽን እንዳላይ» ብለዋል።

እትዬ አንዱን ጆንያ ፈትተው እጃቸውን ከተቱ። ሻግቷል። አሸተቱት። «ይህ የእኔ አይደለም» አሉ። ላዩ ላይ ግን ባለ ሦስት እግሯ ጅግራ ቆማለች።

ታዲያ መጀመሪያ የመጡት ወዴት መሰለህ? ወደ እኔ ነው! ጆንያውን አሸክመው መጥተው እግሬ ሥር አስጣሉት። ሰው ተሰብስቦ ያያል።

«አለሙ» አሉ፣ «ስሜን ለማን ሸጥክብኝ?»

ደሜ ፈላ። እኔ? ቀና ብዬ የምሄድ ሰው? ግን ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ጎንበስ አልኩና አቡጀዲውን ከጆንያው ተርትሬ አነሳሁ። ፊቱን አየሁት። እውነትም የኔን ትመስላለች። ገለበጥኩት። ወዲያው ሳቄ መጣ።

«እትዬ፣ ጀርባዋን ይዩልኝ።»

የእኔ ስፌት በጀርባም ቢያዩት ንጹሕ ነው። ቋጠሮ የለውም፤ ክር አይንጠለጠልም። የዚያችኛይቱ ጀርባ ግን ክሩ ተተራምሶ የወፍ ጎጆ ሆኗል። ፊቷ ጅግራ፣ ጀርባዋ ጎጆ! ከራሳቸው ጆንያ አንዱን አስመጥቼ ጎን ለጎን አሳየኋቸው። ያ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እየተቀባበለ አየ። ያ ሱሪውን እኔ ዘንድ የሚያሰፋው ሰፊ ሳይቀር፣ «ይህ የአለሙ እጅ አይደለም» ብሎ መሰከረልኝ።

እትዬ ዱካው ላይ ቁጭ አሉ። «ይቅር በለኝ ልጄ» አሉ። ቀጥለው ሾፌሩን አስጠርተው፣ ያን ጆንያ ከየት እንደጫነ ጠየቁት። ሾፌሩ ራሱን አከከ። «ከፍኖተ ሰላም ነው። ከአቶ በላይነህ ግቢ። እኔ ጅግራዋን ሳይ የእርስዎ መስሎኝ ለሐጂ አደረስኩ» አለ።

በማግስቱ እትዬ ወደ በላይነህ ሄዱ። ወንበር ስቦ፣ ባርኔጣውን አንስቶ ተቀበላቸው። አልካደም። «እትዬ» አላቸው እየሳቀ፣ «ጅግራ እኮ እግዚአብሔር የፈጠራት ወፍ ናት። የዳሞት ዱር ሙሉ ጅግራ ነው። ሁሏንም ሊያሳስሯት ነው? ደግሞስ ምን ወሰድኩብዎ? ጆንያዎ እቤትዎ አለ። በርበሬዎ እቤትዎ አለ። ጅግራዎም እቤትዎ አለች። የጎደለብዎት ምንድን ነው?»

እትዬ የጎደለባቸው ነገር እንዳለ ያውቃሉ፤ ስም ሊያወጡለት አልቻሉም። ከተማውም ለሁለት ተከፈለ። አብዛኛው ሰው ከበላይነህ ጋር ቆመ። ሥዕል ይሰረቃል እንዴ? ሴት የጎረቤቷን ቀሚስ አይታ ብታሰፋ ሌባ ልትባል ነው? ይህን እንኳ እኔም ሳልስማማበት አልቀረሁም፤ በቀሚስ መኮረጅ ነው የምበላው።

ያኔ እትዬ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። ቄስም መሪጌታም ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። እኔም ተከትዬ ሄጃለሁ። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ መሪጌታ የአንድ ተማሪያቸውን ነገር አወጉን። ልጁ ሰነፍ ነው። በበዓል ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ የጓደኛውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ማቅረብ ጀመረ። ጓደኛው እዚያው ቆሟል። ጆሮውን ጥሎ ይሰማዋል። ልጁ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጠፋበት። ግራ ቀኝ አየ። በመጨረሻ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዞር ብሎ የቅኔውን ባለቤት ጠየቀው! «ቀጥሎ ምን ነበር?» አለው።

ስቀን ስናበቃ መሪጌታ ነገሩን ለዩልን። «የቅኔው መንገድ የሁሉም ነው» አሉ። «ዜማው የሁሉም፣ ቋንቋው የሁሉም። እኔም ከመምህሬ ተማርኩ፣ ሌላውም ከእኔ ይማራል፤ ይህ ስርቆት አይደለም። አንድ ሰው አስቦ የቋጠረውን ግን ‹እኔ ነኝ ያልኩት› ብሎ የቆመ፣ ቃል አልሰረቀም፤ ሰውየውን ነው የሰረቀው። በላይነህ በሰሌን ማድረቅን ከአንቺ ቢማር ይመረቅ። አንቺን መስሎ ከቆመ ግን ጠይቂው።»

እትዬ ከዚያ ሲወጡ ሌላ ሴት ነበሩ። አንገታቸው ቀጥ ብሎ፣ «ፍኖተ ሰላም እንወርዳለን» አሉኝ። የአውራጃው ፍርድ ቤት እዚያ ነበር። እንግዲህ የከተማዋ ስም የሰላም ጎዳና ማለት ነው። ጎጃሜ ሁሉ ሊካሰስ የሚጎርፈው ደግሞ ወደ ሰላም ጎዳና ነው። ስሟን ያወጣላት ሰው ችሎቱን አላየም መሰለኝ።

ፍርድ ቤቱ ደጅ የተቀመጠ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበረ፤ እጁ ፈጣን፣ ጆሮው ግን የሚፈልገውን ብቻ የሚሰማ። እትዬ ነገሩን በቅኔ ዓይነት ነገሩት። የኳሪት ሰው ናቸውና ቀጥታ መናገር አይሆንላቸውም። «አቶ በላይነህ በሬን ወስዶብኛል» አሉት። ጸሐፊው ሌላ አልጠየቀም። ጻፈ፣ አጠፈ፣ አስገባ።

የቀጠሮው ቀን ችሎቱ ሞልቷል። ዳኛው መነጽር ያደረጉ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አነበቡ።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ አቶ በላይነህ በሬ ወሰደብኝ ብለው ከሰዋል። የበሬው ቀለም ምንድን ነው?»

በላይነህ ዘሎ ተነሳ። «በሬ? ንጉሥ ይሙት በሬያቸውን አላየሁም!» አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። በእኛ አገር የከብት ሌባ መባል ቀልድ አይደለም።

እትዬ ነጠላቸውን አደግድገው እጅ ነሱ። «ጌታዬ፣ እኔ ያልኩት ሞፈር የሚጎትተውን በሬ አይደለም። በር አለ አይደል፣ የቤት በር? የእኔን በር ነው ያልኩት። አዲስ አበባ ያለ ገዢ እኔን አያውቀኝም። ወደ እኔ የሚገባበት በር ያቺ ጅግራ ብቻ ናት። አቶ በላይነህ በሬን አስመስሎ ራሱ ቤት ላይ ገጠመው። ሰዉ በሬን አየና አምኖ ገባ። ውስጥ ሲደርስ ሻጋታ አገኘ። ሲወጣ የተራገመው ግን እኔን ነው። የጎደለብኝ ይህ ነው።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ በልቤ፣ ያን ቀን በላይነህ «የጎደለብዎት ምንድን ነው?» ሲላቸው ያጡትን መልስ አሁን አገኙት አልኩ።

በላይነህም የዋዛ አልነበረም። ክርክሩን አሳመረ። ጅግራ የማንም አይደለችም፣ እግዚአብሔር ለሁሉ የፈጠራት ናት፣ አንዲት ሴት አእዋፍን ሁሉ በስሟ ካስመዘገበች ነገ ሌላው ላሟን፣ ሌላው ጨረቃን ይወስዳል አለ። ሰዉ በሳቅ አጀበው። ዳኛውም ፈገግ ብለው አዳመጡት። ከዚያ ሁለቱን አቡጀዲዎች ፊታቸው ዘረጉ።

«አቶ በላይነህ፣ የተናገሩት ጥሩ ነው። ጅግራን የፈጠራት እግዚአብሔር ነው። በስንት እግር ፈጠራት?»

በላይነህ ወደ አቡጀዲዎቹ ጎንበስ አለ።

«በሁለት ነው» አሉ ዳኛው። «እነዚህ ግን ሦስት እግር አላቸው። እንግዲህ ሦስተኛውን እግር የፈጠረ ማነው?»

በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቆሜ፣ «እኔ ነኝ ጌታዬ» አልኩ።

ሕዝቡ አጉተመተመ። አንድ ቄስ አማተቡ። ዳኛው ወደፊት አስጠርተው አስማሉኝ።

«እንዴት ፈጠርካት?»

«በማስነጠስ ጌታዬ።»

«በምን?»

«በማስነጠስ። እትዬ ነጠላቸውን ሲያራግፉ በርበሬው አስነጠሰኝና መርፌው ወረደ።»

ዳኛው ቀና ብለው አዩኝ። በመጨረሻ በከባድ ድምፅ፣ «ይማርህ» አሉኝ።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ችሎት አስከባሪው ፖሊስ ሳይቀር ግድግዳ ተደገፈ። ሳቁ ሳይበርድ ዳኛው ወደ በላይነህ ዞሩ።

«የእርስዎስ ሰፊ? እሱንም እዚያው ቦታ ላይ አስነጠሰው?»

ወዳጄ፣ በላይነህ ባርኔጣውን በእጁ ያዞረዋል፣ ያዞረዋል፤ መልስ ከባርኔጣው አልወጣም።

ፍርዱ አጭር ነበር። ዳኛው አዲስ የንግድ ሕግ መውጣቱን፣ በእሱም ነጋዴ በሌላው ነጋዴ ስምና ምልክት ገዢን ማሳሳት እንደማይችል አስረዱ። «በርበሬ የሁሉም ነው» አሉ። «መነገድም የሁሉም ነው። ባለ ሁለት እግሯ ጅግራም የዱሩ ናት፤ ማንም ይሳላት። ባለ ሦስት እግሯ ግን የወይዘሮ ጥሩወርቅ ናት።» በላይነህ ጅግራዎቹን ሁሉ ከጆንያው ላይ እንዲያስተረትር ታዘዘ። ዳኛው ሌላም ጠየቁ፤ ለእትዬ ምን ቢደረግላቸው ይበቃቸው እንደሆነ። እሳቸውም፣ «ሐጂ ኑሩ ዘንድ ይሂድልኝና በአፉ ይናገርልኝ፤ ሌላ አልፈልግም» አሉ።

ሄደ። ያውም ከእሳቸው ጋር፣ በአንድ መኪና፣ ሾፌሩ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀምጠው። ሾፌሩ ኋላ ሲያጫውተኝ፣ እስከ ደብረ ማርቆስ አንድም ቃል አልተነፈሱም አለ። የዓባይን በረሃ ሲወርዱ ግን በላይነህ አላስቻለውም። «እትዬ፣ ይህን ዛላ ጆሮዎ ሥር የሚያንኳኩት ምን ሊሰሙ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም አስረዱት። ማዶውን ሲወጡ ስለ ሰሌን ይከራከሩ ነበር። መርካቶ ሲደርሱ ክርክሩ አላለቀም።

በላይነህ በሐጂ ኑሩ ደጅ ቆሞ፣ ኩሊውም ደንበኛውም እየሰማ፣ «ያ የሻገተው የኔ ነበር። ስማቸውን ተሸክሜ የመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። ለእንዲህ ያለ ነገር ወኔ ያስፈልጋል። ሐጂ አተኩረው አዩት አሉ። ከዚያ እትዬን ይቅርታ ጠየቁና ጭነታቸውን አስገቡ። ለእሱ ደግሞ፣ «አንተ፣ ይህን ለመናገር እዚህ ድረስ ከመጣህ በርበሬም ማድረቅ አያቅትህም። በራስህ ምልክት ይዘህ ና፤ አያለሁ» አሉት።

ሲመለስ ቀጥታ እኔ ሱቅ ነው የወረደው። ምልክት ስፋልኝ አለ።

«ምን ላድርግልዎ?»

«ጅግራ» አለ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ባለ አራት እግር።»

መቀሴን አነሳሁ። ሳቀና እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። «ተው፣ ተው! ጦጣ አድርግልኝ። አገሩ ሁሉ የሰው ነገር እያየህ ትሠራለህ እያለ ከሚሰድበኝ፣ ቀድሜ ራሴን ልስደብ።»

ጦጣ ሰፋሁለት። ባርኔጣ አደረግሁላት። እንዴት ያለች ጦጣ መሰለችህ! ያኔ ደንብ አወጣሁ። አንድ ሰው ያሰፋውን ምልክት ለሌላ አልሰፋም፤ ንጉሥ ቢያዘኝም አልሰፋም። ነጋዴው ሁሉ ይህን ሲሰማ ጎረፈ። ጃርት ያለ አለ፣ ማረሻ ያለ አለ። አንዱ የሚስቱን ፊት ስፋልኝ ብሎ መጥቶ፣ ሚስቱ ተከትላው መጥታ አስቀረችው። አንዳንድ ሰው፣ «ሦስተኛውን እግር የፈጠርከው አንተ ሆነህ ሳለ፣ ጅግራዋ የእኔ ናት ሳትል እንዴት ቀረህ?» ይለኛል። እኔ የሰፋሁት ክር ነው። ያቺን ክር ሰው እንዲያምናት ያደረጉት፣ በበቅሎ ቁልቁለቱን እየወረዱ ዛላ ሲያንኳኩ የኖሩት እትዬ ናቸው። ሥራዬን አውቃለሁ፤ ሥራቸውንም አውቃለሁ።

በላይነህም ሰው ሆነ። ሰሌን ገዛ፣ ውሃውን ተወ፣ ዛላ ጆሮው ሥር ማንኳኳት ለመደ። ባለ ባርኔጣዋ ጦጣ መርካቶ ውስጥ ከጅግራዋ ቀጥላ የምትጠራ ሆነች። እትዬ አልከፋቸውም። «ደግ በርበሬ ቢበዛ የቡሬ ስም ነው የሚገነው» ይሉ ነበር፤ ጨምረውም፣ «ግን ከእኔ አይበልጥም» ይላሉ።

እንግዲህ ሰው የሚያከብረው ነገር ሁሉ ሰው ይመኘዋል። ዓመት ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሊበን በኩል የመጣ አንድ አዲስ ነጋዴ ጆንያው ላይ ባርኔጣ ያደረገች ጦጣ ለጥፎ ተገኘ። በላይነህ ሰማይ ምድሩን ቀወጠው። አልለመንም፣ አልሸማገልም ብሎ ሮጦ ከሰሰ። የእትዬ ጥሩወርቅን ክስ የሰሙት እኚያው ዳኛ ነበሩ የተሰየሙት። እኔና እትዬም ጉዱን ልናይ ሄደን ከኋላ ተቀምጠናል።

ተከሳሹ ከከተማ ጠበቃ አምጥቷል። ጠበቃው ከረባት ያሰረ፣ አንደበቱ የሰላ ነው። ብዙ ተናገረ፤ ሲጨርስም ወደ በላይነህ ዞሮ፣ ሥዕል የሰው ንብረት ሊሆን እንደሚችል፣ የሌላውን ምልክት የለጠፈ ነጋዴም በሕግ እንደሚጠየቅ፣ ይህ ሰው ምን ማስረጃ አለው? ያቅርብ አለ።

ዳኛውም በላይነህን፣ «ማስረጃ አለዎት?» ብለው ጠየቁት።

በላይነህ ባርኔጣውን አወለቀ። ደረቱን ነፋ። ችሎቱን ግራና ቀኝ አየና ኮራ ብሎ፣

«በሚገባ ጌታዬ!» አለ፤ «እርስዎ ራስዎ ፈርደውብኛል!»